የታጠበው ሞተር ብስክሌት

ስለ ሥራ ዘመናቸው የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ጡረታም አልወጣሁም፤ ሥራ ነው የለወጥኩት። ካለፈው መስከረም ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነርሶችን አስተምራለሁ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ እጄም ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም። ተማሪዎቼ ኢሉባቦር ሳለሁ ምን እሠራ እንደነበር ሲጠይቁኝ «እንደ ማንኛውም ነርስ ነበርኩ» ብዬ አልፋለሁ። ሰው ፊት ብዙ መናገር ያስቸግረኛል። መጻፍ ግን ይቀለኛል፤ ስለዚህ ለእነሱ ያልነገርኳቸውን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ መጀመሪያ የተመደብኩት ጎሬ ነበር። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ስለሆነች ባለሥልጣን አይጎድላትም፤ ጉሙ ግን ከባለሥልጣኑ ይበልጣል። አለቃዬ እትዬ አስካለ የሚባሉ ነርስ ነበሩ። ድምፄ አይሰማም ብለው ዘወትር ይቆጡኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ የምትናገሪው ለበሽተኛው ነው ወይስ ለደረትሽ?» ይሉኛል። ብዙም ሳልቆይ ወደ መቱ አዛወሩኝ። «እዚያ ሥራው ገጠር ለገጠር ነው፤ ብዙ መናገር አያስፈልገውም» አሉኝ። ስለ ገጠር ሥራ እንዲያ ማለታቸው ስህተት ነበር፤ ስለ እኔ ግን አልተሳሳቱም።

መቱ ገበያዋ የሞቀ ከተማ ናት። የእኔ ሥራ ከመቱ በስተምሥራቅ እስከ ያዮ፣ በስተምዕራብ እስከ ቡሬ ባሉት መንደሮች እየዞርኩ እርጉዞችን መመርመርና ሕፃናትን መከተብ ነበር። ደመወዙ እናቴን ለመርዳት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም። አንድ መኪና ነበረችን፤ እሷም ዘወትር ሌላ ሰው ይፈልጋታል። ለእኛ የቀረልን አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። ከማን እንደወረስነው በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ ጣልያን ጥሎት የሸሸ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ጣልያንም ሲያገኘው አሮጌ ነበር ይላል።

የሚነዱት ጋሼ ደበላ ነበሩ። ጋሼ ደበላ የሁሩሙ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው የማይለዩ ድሬሰር። በጣልያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን ያቀብሉ ነበር። ከነጻነት በኋላ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተማሩ። ሁለቱንም ሥራ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሞተሩ አልነሳ ሲል አይቆጡም፤ መርገጫውንም ደጋግመው አይረግጡም። ሁለቴ ይሞክራሉ። እምቢ ካለ ኮታቸውን አውልቀው መሪው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ቁጢጥ ይላሉ፣ ከዚያ እንደ በሽተኛ ይጠይቁታል።

«ምን በላህ? የት አደርክ? ማን ነካህ?»

መጀመሪያ ስሰማቸው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድም ነበረበት፤ ነገር ግን ከጥያቄዎቹ አንዱም ያለ ነገር አልተጠየቀም። ምን በላህ ማለት ቤንዚኑ ነው። የጎማ ቱቦውን ነቅለው መዳፋቸው ላይ ያፈስሱታል፣ ይወርድ እንደሆነ ያያሉ፣ ያሸትቱታል። የት አደርክ ማለት እሳቱ ነው። ካንዴላውን ይፈቱታል። ካንዴላ ማለት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የምትተፋው ነገር ናት። ጫፏ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሳትም፤ በቤንዚን ርሳ ከወጣች ደግሞ የጠፋው እሳቱ ነው። ከዚያ ካንዴላዋን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክተው፣ በኮታቸው ከብርሃን ጋርደው፣ እኔን መርገጫውን በእጄ እንድመታ ያዙኛል። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ማን ነካህ የሚለው መጨረሻ የሚመጣ ነው። «ማሽን ብቻውን አይታመምም» ይሉኝ ነበር። «ወይ ዝናብ ነክቶታል፣ ወይ አቧራ ነክቶታል፣ ወይ አዋቂ ነኝ ባይ ነክቶታል። ሦስተኛው የከፋው ነው።»

አንድ ጊዜ ቡሬ ላይ በገበያ ቀን ቆመብን። ቤንዚን የገዛነው ከሐጂ ኑሩ ሱቅ ነበር። ሰው ከበበን። እኔ በሕዝብ መካከል መቆም ስለማልወድ የመድኃኒት ሣጥኑን አቅፌ መሬት መሬት አያለሁ።

«ደበላ፣ መርፌ ውጋው እንጂ» አለ አንዱ።

«አንተን ስወጋህ ያለቀስከውን ሰምቶ ፈርቶ ነው» አሉ ጋሼ ደበላ ቀና ሳይሉ።

ሐጂ ኑሩ ከሱቃቸው ወጡ። «ቤንዚኔ ንጹሕ ነው። ከጅማ ድረስ የመጣ ነው።»

«ከጅማ ሲመጣ ዝናብ አልጠጣም?»

«በርሜሉ ክዳን አለው።»

«ክዳኑስ?»

ሐጂ ኑሩ ዞረው አዩ። ክዳኑ የሱቁ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ተደግፎበት ነበር። ጋሼ ደበላ ቤንዚኑን ጠርሙስ ውስጥ ቀድተው በፀሐይ አቆሙት። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ከታች ለብቻው ተኛ። ሐጂ ኑሩም አብረው ሳቁ፤ ሌላ ቤንዚንም በነጠላ አጥልለው ሰጡን።

በእረፍት ቀናችን ከከተማው በታች ባለው የኳስ ሜዳ ላይ መንዳት አስተማሩኝ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ነበር፤ ያም ሆኖ የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል። «አይዩሽ ብለሽ ቀስ አትበይ» ይሉኛል። «ቀስ ካልሽ ይወድቃል። ከፈጠንሽ ደግሞ አያዩሽም።»

አሁን ስለ ሞተሩ ሕመም አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። እሳቱ የሚመነጨው በሞተሩ ጎን፣ ክብ ክዳን ሥር ካለ ክፍል ነው። የእኛው ክዳን ጠርዙ ተሰብሮ ነበር፤ ምትኩም ከየትም አልተገኘም። በዚያ ስብራት ውሃ ከገባ ብልጭታው ይጠፋል። ስለዚህ ጋሼ ደበላ በቦርሳቸው ውሃ የማያስገባ ቁራጭ ሙሻማ ይይዛሉ፤ ሲዘንብ ክዳኑ ላይ በገመድ ያስሩታል። ፀሐይ ሲወጣ ፈትተው ያጥፉታል።

ሌላው ማስረዳት ያለብኝ ስለ አገሩ ነው። በያዮ በኩል ባለው የጫካ ቡና አገር እንግዳ ሲመጣ በቅሎው ከእንግዳው ቀድሞ ይስተናገዳል። ኮርቻው ይወርዳል፣ ላቡ ይጠረጋል፣ የእግሩ ጭቃ ይታጠባል። የእንግዳ በቅሎ ከነጭቃው የቆመበት ደጅ ይታማል። እኛ በበቅሎ አንሄድም፤ ስለዚህ ሰዎቹ ግራ ይገባቸው ነበር። አንዳንዱ ሞተሩን ከዝናብ አስገብቶ ከከብቶቹ ጋር ያቆመዋል። አንዲት አሮጊት «ሣር ካልበላ ምን ልስጠው?» ብለው ከልባቸው ተጨንቀው ጠይቀውናል።

የመስቀል ሰሞን ነበር። ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ገና ጭቃ ነው። እኔና ጋሼ ደበላ ያዮ ከተማ ውስጥ ሳለን አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። የላኩት ኦቦ ጉርሙ ናቸው። ኦቦ ጉርሙ ከዋናው መንገድ ወደ ጫካው ገባ ብለው የሚኖሩ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ንብ አርቢ ናቸው። ልጃቸው ዲንቄ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ ባሏ ለንግድ ወደ በደሌ ከተማ ሄዷል። ወዲያው ተነሳን። የበቅሎ መንገዱ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር፤ ሞተሩ እየጋለ እየጮኸ ወጣው። ፀሐይ ስለነበረ ሙሻማው በቦርሳ ውስጥ ነው።

ኦቦ ጉርሙ ደጅ ቆመው ጠበቁን። በዚያ አገር ሴት ስታምጥ ወንድ ከደጅ ነው፤ አባትም ቢሆን። እኔ ገባሁ፤ ጋሼ ደበላ ደግሞ ድሬሰር ስለሆኑ በጓዳው በኩል ከጎረቤት ሴቶች ጋር ውሃ ሊያፈሉና ዕቃዎቼን ሊቀቅሉ ገቡ። ደጅ የቀሩት ኦቦ ጉርሙና ሞተሩ ብቻ ናቸው።

ዲንቄ ነቅታ ነበር። ሕፃኑ በአግድም ተኝቶ እጁ ቀድሞ ወጥቷል። የልቡን ምት ፈለግሁ፤ አልሰማሁም። ላዞረው ሞከርኩ፣ አልዞረም፤ ከዚያ በላይ ብሞክር ማኅፀኗን እንደምቀድ ገባኝ። እናቲቱን ማዳን ይቻላል፤ ግን ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋታል፤ እሱ ያለው መቱ ነው። ወጥቼ ለጋሼ ደበላ ነገርኳቸው። ወዲያው ተስማማን፦ ጎረቤቶች በቃሬዛ ወደ ዋናው መንገድ ያወርዷታል፤ እሳቸው በሞተሩ ቀድመው መቱ ይደርሱና መኪናዋን ይዘው ይመለሳሉ፤ መንገድ ላይ እንገናኛለን። በበዓሉ ምክንያት ቡና ጫኝ መኪኖች ስለቆሙ ሌላ ተስፋ አልነበረም።

ወደ ደጅ ስንወጣ ሞተሩ ከዋንዛው ዛፍ ሥር ያብለጨልጫል። ያን ያህል ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከሥሩ ውሃ ተኝቷል። ኦቦ ጉርሙ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እስከ ክርናቸው ርሰው፣ ባልዲ ይዘው ቆመዋል።

«አልቦት ነበር» አሉ በኦሮምኛ። «ጢስ ይወጣው ነበር። ሆዱን አቀዘቀዝኩለት። አሁን ይሮጣል።»

ጋሼ ደበላ ሞተሩን አዩ፤ ሰውየውን አዩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከዚያ መርገጫውን ረገጡ። አልተነሳም። ደግመው ረገጡ።

ሦስተኛ አልረገጡም። ኮታቸውን አውልቀው መሪው ላይ ሰቀሉት። 

«ሂዱ» አሉኝ። «እደርስባችኋለሁ።»

ቃሬዛው ተነሳ። አራት ሰዎች እየተቀያየሩ ይሸከማሉ፤ እኔ ከጎኗ፣ ኦቦ ጉርሙ ከፊት ቅርንጫፍ እየመነጠሩ። ዓይኔ ዲንቄ ላይ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ወደኋላ ቀርቷል። ጸጥታው ረዘመ፤ ካንዴላውን እየፈቱ ነው አልኩ። አንዲት ምት ተሰማች፤ ብልጭታውን እየሞከሩ ነው አልኩ። እንደገና ጸጥታ ሆነ። ቢበራ ኖሮ ካንዴላውን መልሰው ለማሰር ያን ያህል አይቆዩም ነበር። ስለዚህ አልበራም። ክዳኑን እየከፈቱ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አቃተኝ፤ ጫካው ውስጥ ገባን፤ የሚሰማው የጉሬዛ ጩኸትና የሰዎቹ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

«ዶቅዶቄው ሄደ?» አለችኝ ዲንቄ።

«አሁን ይነሳል።»

«አባቴ አጠበው አይደል? የባልዲውን ድምፅ ሰምቻለሁ።» ሕመሙ መጣና የቃሬዛውን እንጨት ጨበጠች። ሲያልፍላት «በሠርጌ ቀን እንኳ በቅሎዬን እንዲህ አላጠበልኝም» አለች፤ ፈገግም አለች። ከፊት የሚሄዱት አባቷ ሰምተው «የሠርግሽ ዕለት በቅሎዋ አላላባትም ነበር» አሏት።

ዋናው መንገድ ስንደርስ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አሳረፍናት። መንገዱ ባዶ ነው። የደም ሥሯን ምት እያዳመጥኩ ነበር፤ መጀመሪያ ፈጠነ፣ ቀጥሎ ቀጠነ። ከውስጥ ደም እየፈሰሳት እንደሆነ አውቄ ነበር፤ በእጄ ያለው መድኃኒት ግን ለዚያ የሚሆን አልነበረም። ቀና ብላ ውሃ ጠየቀችኝ፣ ከንፈሯን አረጠብኩላት። ኦቦ ጉርሙ መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረዋል። ወደ እኛ አያዩም። የሚጠብቁት ድምፅ ነው።

ዲንቄ እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ ሄደች። ለመንገር አፌን ስከፍት ከጫካው በኩል የሞተሩ ድምፅ መጣ።

ኦቦ ጉርሙ ብድግ አሉ። «ተነሳ» አሉ። «ዲንቄ፣ ተነሳልሽ፣ ይኸው መጣ።»

ጋሼ ደበላ ያለ ኮት፣ እጃቸው ጠቁሮ፣ ሳይቆሙ ሊያልፉን ወጡ። ሲያልፉ ወደ እኔ አዩ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ጥቂት ሄደው ቆሙ። ሞተሩ በቆመበት ጥቂት ተንደቀደቀ፤ ከዚያ አጠፉት።

ኦቦ ጉርሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን ያጠፋዋል?» አሉኝ። «በስንት መከራ የተነሳውን ለምን ያጠፋዋል?»

ያን ጥያቄ የመለስኩት እኔ አይደለሁም። ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ነጠላቸውን አውርደው ሸፈኗት።

ወደ መቱ ስንመለስ ከጋሼ ደበላ ጋር ሁሩሙ ደረስን። እዚያ ጎማው ረግቦ ቆምን። ከክዳኑ ሥር ውሃ እንደ ጀበና እንደወጣ፣ እሳት የሚሰጠው ጥቅልል ሽቦ ቦቢናው እንደራሰ፣ ፈትተው ዲንቄ ባማጠችበት ቤት ምድጃ ዳር ሲያደርቁት እንደቆዩ ነገሩኝ። «ቶሎ ላድርቅ ብዬ ባቃጥለው ጨርሶ ይሞታል። በሙቀቱ ዳር ይዤው ተቀመጥኩ። ከዚያ ሌላ የማደርገው አልነበረም።»

ከዚያ ጎማውን እየነፉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ሲስተር፣ ማን ነካው ብለው ቢጠይቁሽ?» አሉኝ።

 «ማንም አልነካውም» አልኩ።

«ማንም አልነካውም» አሉ እሳቸውም።

ሐኪሙን በኋላ ጠይቄው ነበር። በጊዜ ብትደርስ ትድን ነበር ወይ ስለው «ምናልባት» አለኝ። ባይለኝ ይሻል ነበር።

ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ኦቦ ጉርሙ ከሰው መካከል ተነስተው ጋሼ ደበላ አጠገብ ተቀመጡ።

«ያ ብረት ምን አገኘው?» አሉ። «ጠዋት ደህና ነበር። እኔም አጥቤ አዘጋጅቼው ነበር።»

«አርጅቷል፣ ኦቦ ጉርሙ» አሉ ጋሼ ደበላ። «ሽማግሌ ነው።»

«ሽማግሌ ከሆነስ እኔም ሽማግሌ ነኝ። ልጄ ሄዳ ቆሜ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ጉርሙ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ታመመ፣ ብዙ ሕፃን ተወለደ፤ ሥራው ቀጠለ። ሞተሩም ስንት ጊዜ ቆመ። ጋሼ ደበላ እንደ ድሮው ቁጢጥ ብለው ምን በላህ፣ የት አደርክ ይላሉ። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ ሲጠይቁ አልሰማሁም። ወደ ማንም ደጅ ከመድረሳችን በፊት፣ ፀሐይም ቢሆን፣ ወርደው ሙሻማውን ያስሩታል። ሰው ሲጠይቃቸው «ለዝናቡ ነው» ይላሉ። በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር ኦቦ ጉርሙ ቤት እንገባ ነበር። ኦቦ ጉርሙም ሁልጊዜ ሞተሩን ለማጠብ ይነሳሉ። አንዴ እንኳ አልከለከልናቸውም። ብንከለክላቸው ምክንያቱን መናገር ሊኖርብን ነው።

ጋሼ ደበላ ዓይናቸው ደክሞ ጡረታ ወጡና ሁሩሙ ገቡ። ሞተሩን፣ ካቻቢቴውንና ሙሻማውን ለእኔ ተዉልኝ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነዳሁ። ሰው ማየቱን አልተወም፤ እኔ ግን መፍጠን ተምሬ ነበር።

መቱን ልለቅ ስል ልሰናበታቸው ኦቦ ጉርሙ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ሳልደርስ ወርጄ ሙሻማውን አጥብቄ አሰርኩ። በጋ ነበር፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ማር አቀረቡልኝ፣ ወደ አዲስ አበባ እንደምሄድ ነገርኳቸው፣ ወላጆቼን ጠየቁኝ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ባልዲ ይዘው ወጡ።

ዘግየት ብዬ ስወጣ ዋንዛው ሥር አገኘኋቸው። ባልዲው ሙሉ እንደሆነ ተቀምጧል። እርጥብ ጨርቅ በእጃቸው ጨምቀው ጎማውን፣ መሪውን፣ መቀመጫውን ይጠርጋሉ። ወደ ክዳኑ ሲደርሱ ጨርቁን አስቀመጡት። ሙሻማውን ሳይነኩ ዙሪያውን በደረቅ ጣታቸው፣ ጭቃውን ቅንጥብ ቅንጥብ እያደረጉ አነሱት። አንዲት ጠብታ ውሃ እዚያ አላደረሱም። እጃቸው የለመደው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ጋሼ ደበላ ቦቢናውን ሲያደርቁ ምድጃው ዙሪያ የነበሩት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። ሽቦው በውሃ ርሶ እንደነበር አይተዋል፤ ለኦቦ ጉርሙም ሳይነግሯቸው አልቀሩም። ያን ሁሉ ጊዜ ይህ አንድም ቀን አልታሰበኝም ነበር።

 ሣጥኔን አሰርኩ፣ ወጣሁ፣ መርገጫውን ረገጥኩ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ኦቦ ጉርሙ ቆመው አዳመጡት። ከዚያ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እንዲሰማኝ ጠጋ አሉ።

«አርጅቷል ብላችሁኝ ነበር» አሉ።

  ሄደው የአጥሩን መዝጊያ እንጨት አነሱልኝና፣ አልፌ እስክወጣ ድረስ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቆሙ።